አዲሱ ፈጣን መኪናችሁ ፍሬን ሲይዝ ሲጥ ይላል? ጋራዥ ከመሮጣችሁ በፊት ይህን አድርጉ

መኪናው አዲስ ነው፣ ጉልበቱ ሌላ፣ የተከፈለበት ብርም ሌላ። ደሴ ፒያሳ ላይ ቀስ ብሎ ሊቆም ሲል ግን ሲጥጥጥ! መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። ከዚያ ባለቤቱ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ጋራዥ ወስዶ ግሪስ ያስቀባዋል፣ ወይ ደግሞ «ሐረጎን ሁለቴ ወርጄ ካሞቅኩት ይለቀዋል» ይላል (ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ረዥም ቁልቁለት ነው)። ሁለቱም ያባብሱታል። ከየት አወቅህ ካላችሁኝ፣ እኔ ሁለቱንም አድርጌ ነው፣ ያውም በተከታታይ ቀን።

የብዙ ሰው ስህተት ቅደም ተከተሉ ነው። መጨረሻ ላይ የሚደረገውን (መፍታት) መጀመሪያ ያደርጉታል። መጀመሪያ የሚደረገውን (ሸራውን ከዲስኩ ጋር በሥርዓት ማላመድ) ጭራሽ አያደርጉትም። ዲስኩ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው፣ ሸራው ደግሞ ፍሬን ስትረግጡ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ባጭሩ ላስረዳ፣ ካላወቃችሁት ቀጣዩ አይገባችሁም። ማሲንቆ ሲመታ አይታችኋል። የደጋኑ ጭራ ሙጫ ተቀብቶ ክሩን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል፣ ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ይወጣል። የፍሬን ሸራና ዲስክም ያው ናቸው። ሸራው ዲስኩን እኩል ካልያዘው ያዝ ለቀቅ ይላል፣ ዲስኩም እንደ ደወል ይጮኻል። ፈጣን መኪና ላይ የሚገጠመው ሸራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረት ይበዛዋል። ሲሞቅ ጎበዝ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይጮኻል።

ሌላም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ አሁን አዲስ የሚባለው ፈጣን መኪና ኤሌክትሪክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ እግራችሁን ከፍጥነት መስጫው ፔዳል ስታነሱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘውና ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ሸራው ሥራ ይፈታል። ሸራው ሥራ ሲፈታ ዲስኩ ይዝጋል፣ ሸራው ላይም ላዩን መስታወት የመሰለ ነገር ይሠራበታል። ከዚያ አንድ ቀን በደንብ ስትረግጡት ይጮኻል።

ደረጃ 1፦ ድምፁን ለዩ

ስልካችሁን አውጡ። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ቪዲዮ ይቅረጽ፣ እናንተ ከ20 ኪሎሜትር በሰዓት ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ከፊት ነው ከኋላ? ከቀኝ ነው ከግራ? ቪዲዮውን አታጥፉት፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ጠዋት ብቻ ለሦስት ለአራት ጊዜ ሲጥ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ተዉት። በተለይ በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሌሊቱን ሙሉ መኪናው ላይ ሲያድር ዲስኩ ስስ ዝገት ይይዛል፣ ጠዋት ሸራው ይጠርገዋል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ቀስ ብላችሁ ስትቆሙ ሁልጊዜ የሚመጣ፣ ቀጭንና ረዥም ሲጥታ ከሆነ ይህ መመሪያ የእናንተ ነው።

ፍሬን ሳትረግጡም የሚሰማ ከሆነ ምናልባት በዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መካከል ጠጠር ገብቷል። ከአስፋልት ወጥቶ በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሰው በሌለበት ሜዳ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ቁሙ፣ ወደ ፊት ሂዱ። ብዙ ጊዜ ራሱ ይወድቃል። ጠጠር ካልሆነና ፍሬን ስትረግጡ ድምፁ የሚጠፋ ከሆነ ግን፣ ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካ የሚያስጠነቅቀው ትንሽ ብረት ሊሆን ይችላል። ያኔ የሸራውን ውፍረት እዩ። አዲስ መኪና ላይ አይጠበቅም፣ በየቀኑ ሐረጎን እግሩን ፔዳሉ ላይ ጭኖ ለሚወርድ ሰው ግን አይገርምም።

ከባድ ክርርር የሚል፣ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሆነ አትንዱት። ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተም እንዲሁ። ይህን የሚያነብ ሰው «እስከ ኮምቦልቻ ብቻ» እንዳይለኝ። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐረጎ ነው!

ደረጃ 2፦ ሳትፈቱ ተመልከቱ

ዲስኩ ይቀዝቅዝ። በቸርኬው ቀዳዳ በስልክ መብራት እዩ።

ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ሸጋ ነው። የተዥጎረጎረ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ወይም እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ አልተላመደም ወይ ተቃጥሏል። በመሃሉ ጥልቅ ጭረት ካለ አሸዋ ገብቶበታል። ከካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ ከሚጫነው ክፍል) ወይም ከጎማው ውስጠኛ ጎን እርጥብ ነገር ከታየ የፍሬን ዘይት ነው፣ እዚህ ላይ አቁሙና ባለሙያ ጥሩ።

የሸራውን ውፍረት ገምቱ። ከጀርባው ያለውን ብረት አትቁጠሩ። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። 3 ሚሊሜትር አካባቢ ከደረሰ ማላመድ አይደለም መቀየር ነው።

ደረጃ 3፦ እጠቡት

ላቫጆ ወስዳችሁ ቸርኬው ውስጥ ያለውን አቧራ በውሃ አስወጡ። ዲስኩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከቁልቁለት ወርዳችሁ በቀጥታ ላቫጆ ገብታችሁ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማስረጨት፣ የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደመድፋት ነው።

ጎማ የሚያብለጨልጨውን ቅባት እንዳይቀቡላችሁ ንገሯቸው። ተረጭቶ ዲስክ ላይ ያርፋል። «ጋሼ በነጻ ነው» ይሏችኋል፣ እሺ እንዳትሉ።

ከታጠበ በኋላ አታቁሙት። ጥቂት ኪሎሜትር እየነዳችሁ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ በመርገጥ አድርቁት። እርጥቡን ካቆማችሁት ነገ ጠዋት ዝገት ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 4፦ ሸራውን አላምዱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አብዛኛው አዲስ መኪና እዚህ ጋ ዝም ይላል። መጀመሪያ ግን የመኪናውን መጽሐፍ ክፈቱ። አምራቹ ስለ ፍሬን ማላመድ የጻፈው ካለ የእኔን ትታችሁ የሱን ተከተሉ።

*ቦታና ሰዓት*

ሐረጎ አይሆንም። አሁንም እደግመዋለሁ፣ አይሆንም። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ብቻ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። ይህን ሁሉ በፍሬን ልያዘው ካላችሁ ሸራው ሳይቀዘቅዝ ሳያርፍ ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ይጋገራል። ላዩ ይቃጠልና መስታወት ይሆናል። ማላመድ ማለት ግን ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ማሞቅ ነው። የኔ መኪና ሐረጎን ከወረደ በኋላ ታች ከሲኖትራክ ጀርባ ቆሜ ፔዳሉን ረግጬ ስጠብቅ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ማኅተሙን አትሞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሲጥታው ብቻ ሳይሆን መሪው መንቀጥቀጥም ተጨመረልኝ።

ሜዳ ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድ ይሻላል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ብርሃን ሆኖ መንገዱ ሳይጨናነቅ። በባቲ መስመር አትሞክሩ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ግመሉም ሰዉም መንገድ ላይ ነው። አስፋልቱ ደረቅ ይሁን። ከኋላችሁ መኪና ካለ አሳልፉት። ልጆችና ከብት ካያችሁ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ከደሴ የምትነሱ ከሆነ ሐረጎን ማለፋችሁ አይቀርም። የነዳጅ መኪና ከሆነ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልታችሁ አትውረዱ። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል መቀበያ ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይቀንሳል፣ ሸክሙ ሁሉ ወደ ሸራው ይመጣል። 80 በመቶ ላይ ነቅላችሁ ውረዱ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ቡና ጠጡ። ቀልዴን አይደለም፣ ዲስኩ መቀዝቀዝ አለበት።

*አሠራሩ*

1. ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ኃይል ወደ ባትሪ የሚመልሰውን ሥርዓት ከማስተካከያው ላይ ወደ ዝቅተኛው አውርዱት። ካላወረዳችሁት ሸራው ብዙም ሳይነካ ትመለሳላችሁ።

2. ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ንዱ፣ ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ርገጡ። ቀዝቃዛ ዲስክን በአንዴ አታስደንግጡት።

3. 60 ኪሎሜትር በሰዓት ድረሱ። ጠንከር ባለ ግን እኩል በሆነ አረጋገጥ ወደ 15 አውርዱት። ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ትር ትር ካለ አብዝታችኋል፣ ቀንሱ።

4. ልቀቁት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ 60 ተመለሱ። ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ድገሙት። በየመሃሉ ሸራው እንዲተነፍስ ጥቂት መቶ ሜትር ንዱ።

5. አሁን አምስት ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳታበዙ ንዱ።

6. መንገዱ ባዶ ከሆነ ብቻ ከ80 ወደ 20 አምስት ጊዜ ድገሙ። መንገዱ ባዶ ካልሆነ ይህን ዝለሉት። የተቃጠለ ነገር ሽታ ይመጣል፣ ትንሽ ጭስም ሊታይ ይችላል፣ አዲስ ሸራ ላይ ያለ ነው። ፔዳሉ መርዘም ከጀመረ ግን ወዲያው አቁሙ።

7. አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ፍሬን ሳትነኩ ንዱት። ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አለቀ» ብሎ ዳር ይዞ፣ ፔዳሉን ረግጦ ስልክ ይደውላል። የጋለ ዲስክ ላይ ሸራ ተጭኖ መቆም የለበትም።

8. ስታቆሙ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጋችሁ፣ ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ የእጅ ፍሬን ሳትይዙ አቁሙ። አንዳንድ አዲስ መኪና መኪናው ሲጠፋ የእጅ ፍሬኑን ራሱ ይይዛል፣ ማጥፋት የሚቻል ከሆነ መጽሐፉ ላይ አለ።

በማግስቱ ስሙት። ቀንሶ ገና ትንሽ ካለ ሁለት ሦስት ቀን እንደወትሮው ንዱና ደረጃ 4ን አንድ ጊዜ ድገሙ። ሦስተኛ አትሞክሩ። ሁለቴ ካልሰማ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ደረጃ 5፦ አሁን ፍቱ

መኪናው ዋስትና ላይ ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት ለሻጩ ደውሉ። በራሳችሁ እጅ ፈታችሁ በኋላ ቢከራከሯችሁ ፈራጅ የለም።

የፊቱን ብቻ ፍቱ። የኋላው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ካለው ፒስተኑን (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋውን) በጉልበት መግፋት ይሰብረዋል። መጀመሪያ በመኪናው ማስተካከያ ወይም በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት። የኋላውን ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

*የሚያስፈልጋችሁ*

ክሪክና የብረት ስታንድ፣ ዳዶ መፍቻ፣ የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ መፍቻ (ቶርክ ሬንች)፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ የናይለን ብሩሽ፣ 120 ወይም 150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ለፍሬን የተሠራ ሙቀት የሚችል የሴራሚክ ወይም የሲሊኮን ግሪስ፣ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ጨርቅ።

ማጽጃ ስፕሬይ ካጣችሁ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጠቡ። ቅባት ይተዋል፣ እሳትም ነው። ሳኒታይዘርም አይሆንም፣ ብዙው ግሊሰሪን አለው። ሞቅ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥባችሁ በደንብ ማለቅለቅ ይሻላል። ደብሊውዲ 40 የሚባለውን ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ እዚያ አካባቢ እንዳታደርሱት።

*ሥራው*

1. ሜዳ ቦታ ፈልጉ። ደሴ ላይ ይህ ራሱ ሥራ ነው። የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደግፉ። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ትንሽ አላሉ።

2. ክሪኩን አምራቹ ባመለከተው ቦታ ብቻ አስገቡ። ኤሌክትሪክ መኪና ሆዱ ሥር ባትሪ ነው፣ ባትሪውን በክሪክ ከወጋችሁት ፍሬኑን ትረሱታላችሁ። ብርቱካንማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን አርቁ። ስታንድ ሳታስገቡ እጃችሁን ውስጥ አትክተቱ። ቁልፉን ከመኪናው አርቁ፣ በር ሲከፈት ፍሬኑ ራሱን የሚያነቃ መኪና አለ።

3. ጎማውን አውጡና ከመኪናው ጠርዝ ሥር አስተኙት። ክሪኩ ቢያመልጥ ጎማው ይይዘዋል።

4. በፈጣን መኪና ላይ ከሁለት ጎን ፒስተን ያለው ቋሚ ካሊፐር የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ላይ ሸራው ማያዣ ፒኑ ሲወጣ በላይ በኩል ይወጣል፣ ካሊፐሩ አይፈታም። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ሸራዎቹን «ውስጥ»፣ «ውጭ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ነው ወደ ሌላው የምትሄዱት።

5. ሸራው ካልወጣ ፒስተኑን ትንሽ መግፋት ይኖርባችኋል። መጀመሪያ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክፈቱ፣ ሞልቶ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ሸራው ወጥቶ ሳለ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ። ልጅ ካለ በሩን ቆልፉ!

6. አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ፣ ጋራዥ ሲያደርጉት ብታዩም። ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። በስፕሬይ አርጥባችሁ በብሩሽ ጥረጉ።

7. የሸራውን ፊት እዩ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ወይም ሌላ ለጥ ያለ ነገር ላይ አንጥፉና ሸራውን በክብ በክብ አሹት። ብልጭታው ሲጠፋ አቁሙ፣ ከዚያ በላይ ዕድሜውን መብላት ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ግን አይታጠብም አይታሽም፣ የግራና የቀኝ ጎማ ሸራ አብሮ ይቀየራል።

8. ዲስኩንም በዚያው ወረቀት በተጠላለፈ መስመር ቀለል አድርጋችሁ እሹና በማጽጃ ጥረጉ። ካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ከሆነ ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት።

9. ግሪስ። አሁን ተጠንቀቁ። ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚታሰስ ስስ አድርጋችሁ፣ የሸራው ጀርባ ብረት ፒስተኑን በሚነካበት ቦታና ጠርዙ በሚንሸራተትበት ቦታ ብቻ። ጀርባው ላይ አምራቹ የለጠፈው ድምፅ መቀነሻ ስስ ንጣፍ ካለ አትላጡት። ተራ ግሪስ አትጠቀሙ፣ የፒስተኑን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ሲግልም ቀልጦ ሸራው ላይ ይወርዳል። እኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ «ዝም እናሰኘዋለን» ብለው ለቅልቀው ሰጡኝ፣ እኔም አላየሁ፣ ሁለት ሸራ ጣልኩ።

ደረጃ 6፦ ግጠሙ

ፎቶውን እያያችሁ መልሱ። ፒኑና ማያዣው ሞላ በትክክል መቀመጣቸውን አረጋግጡ፣ ልል ሞላ ራሱ ድምፅ ያወጣል። ዳዶዎቹን ተራ በተራ ሳይሆን በአንጻሩ ያለውን እየመረጣችሁ አጥብቁ፣ ልኩን ከመኪናው መጽሐፍ ውሰዱ። በግምት በእግር እየረገጡ ማጥበቅ ይቅር።

መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እስኪጠነክር። የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፣ ወለሉ ይደርሳል። ይህን ረስቶ ከግቢው አጥር ጋር የተጋጨ ሰው አውቃለሁ። የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያው ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች መካከል መሆኑን እዩ። ከዚያ ደረጃ 4ን ከመጀመሪያው ድገሙ፣ ሸራውን ስላሻችሁት እንደ አዲስ መላመድ አለበት። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ።

ነገሩ ሲበላሽ

*ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ።* አየር ገብቷል ወይም ዘይቱ ፈልቷል። አትንዱ። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ክዳኑን ከፍታችሁ አትርሱት ማለት ነው።

*ካላመዳችሁ በኋላ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ።* ሁሉም «ዲስኩ ተጣመመ፣ ቶርኖ ቤት ይሂድ» ይላችኋል። ብዙ ጊዜ አልተጣመመም፣ ሸራው እኩል ሳይሆን ተለጥፎበታል። ደረጃ 4ን አንድ ጊዜ ድገሙና እዩ። ቶርኖ የግድ ከሆነ ዲስኩ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት አንብቡ። ከዚያ በታች ከተላጠ መጣል ነው።

*አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በላይ ይግላል።* ፒስተን ወይም ፒን ተይዟል። በእጃችሁ አትንኩ፣ ቸርኬው አጠገብ ብቻ ሙቀቱን አወዳድሩ። የኮሮና ጊዜ የተገዛው ግንባር መለኪያ እዚህ አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ።

*ወደ ኋላ ስትሄዱ ብቻ ይጮኻል።* ባዶ ቦታ ላይ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ያዙ። ቢቀጥልም አደጋ የለውም።

*ኤሌክትሪክ መኪናው ዝም ካለ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰበት።* ሸራው ሥራ ስለፈታ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሜዳ ላይ፣ ኃይል መመለሻውን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡት።

*ሁሉም ተደርጎ አሁንም ሲጥ ይላል።* ሸራው ራሱ ጩኸታም ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከገበያ ርካሽ ሸራ ገዝታችሁ ከመቀየራችሁ በፊት፣ ደረጃ 1 ላይ የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ለሻጩ ላኩ። መቼ እንደሚጮኽ፣ በስንት ፍጥነት፣ ሲሞቅ ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ ማላመዱን ስንት ጊዜ እንዳደረጋችሁ ጻፉላቸው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ያህል ነው፣ «ይዛችሁት ኑና እንየው» ከማለታቸው በፊት ሸራውን በዋስትና ይልኩላችሁ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።